የታሌስ ውሃ

«ፈርሚ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ ዳይሬክተሩ፣ ወረቀቱን ወደ አስካለማርያም እየገፉ።

ወረቀቱ ላይ የጓደኛዋ የበሰለች ፊርማ አለ። የስምንተኛ ክፍሉ መምህር አቶ ኃይለ ገብርኤል «እግዚአብሔር የለም» ብለው አስተማሩ ይላል። ሁለተኛ ምስክር ከተገኘ ይባረራሉ። የመሪጌታ ገብረ ጻድቅ ልጅ አስካለማርያም ከፈረመች ደግሞ በደብረ ብርሃን የሚጠራጠር አይኖርም።

በሰለች አጠገቧ ቆማ አንገቷን ደፍታለች። ባለፈው ሳምንት መምህሩ ስትኮርጅ ይዘው ዜሮ ሰጥተዋታል።

አስካለማርያም ያን ትምህርት አልረሳችውም። ታሌስ የሚባል የጥንት ግሪካዊ «ዓለም ከምን ተገኘ?» ብሎ ጠየቀ፤ «ከውሃ» ብሎም መለሰ። አናክሲማንደር የተባለው ተማሪው ግን «እሳት ከውሃ እንዴት ይወጣል? መልክና ወሰን ከሌለው ነገር ነው እንጂ» አለ። ከእነሱ በኋላ የመጣው ሄራክሊተስ ደግሞ «እሳት ነው» ብሎ ተነሣ።

«እግዚአብሔርስ?» ብላ የጠየቀችው ራሷ አስካለማርያም ነበረች።

«እነሱ የጠየቁት ከምን እንደተሠራ ነው። ማን ሠራው የሚለውን አባትሽን ጠይቂ፤ እሳቸው ከእኔ ይልቃሉ» አሏት መምህሩ።

አባቷን ጠየቀቻቸው። መሪጌታ ፈገግ ብለው «እኛስ ሥጋ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት ነው እንል የለ? መጠየቅ መች ክህደት ሆነ፣ ልጄ» አሉ።

አሁን ዳይሬክተሩ ሰው ጠርቷቸው ከቢሮው ወጣ ሲሉ በሰለች ክንዷን ያዘቻት።

«አስኩ፣ በናትሽ! ውሸቴ ከታወቀ አባቴ ከትምህርት ያስወጣኛል። ይድረኛል።»

ከፊደል ቆጠራ ጀምሮ አብረው ነው ያደጉት።

ዳይሬክተሩ ተመለሱ።

«እኔ የሰማሁት እንዲህ አይደለም» አለች አስካለማርያም። «ጥያቄውን የጠየቅኋቸው እኔ ነኝ። የመለሱልኝን ልንገርዎት።»

ሁሉንም ነገረቻቸው። በሰለች እያለቀሰች ወጣች።

መምህሩ ከሥራቸው አልተነሡም። በሰለች ግን ሰኞ ከትምህርት ቤት ቀረች፤ ማክሰኞም አልመጣችም። የዚያን ዕለት አስካለማርያም ከክፍል እንደወጣች በቀጥታ ወደ አባቷ ሄደች።

«አባባ፣ እነ በሰለች ቤት አብረውኝ ይሂዱ። እንዳይድሯት አባቷን ይለምኑልኝ።»

መሪጌታ ትክ ብለው አዩዋት። «እሷስ ፊት ብትነሳሽ?»

«ደጃፉ ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ።»

መሪጌታ ከዘራቸውን አነሱ።