ያለ ዕድሜው የመረቀ

መላኩ ሚሞሪ ካርዷን ከሽንኩርቱ ሥር ሸጎጠ። ሩቂያ ዘንቢሉን ወደ ራሷ ሳበች።

ርክክቡ አለቀ።

መርሳን የያዙት ታጣቂዎች በገበያው ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይዞራሉ። ካርዷ ላይ ያለው ከሲሪንቃ በላይ የተከሏቸው መድፎች ፎቶ ነው። የመላኩ መታወቂያ «ኑርሁሴን፣ የውርጌሳ ነጋዴ» ይላል። እዚሁ ሀብሩ ቢወለድም በልጅነቱ ወጥቶ ሩቅ አገር ነው የተማረው። የአገሩን አነጋገር መልሶ ያስጠናው አለቃው ወንዳወቅ ነው፤ ወልድያ የቋንቋ መምህር የነበረ። የምስጢር ስሙም «መምህር» ነው።

ሊነሳ ሲል ሼህ ይማም የሚባሉ ሽማግሌ አጠገቡ ደረሱ።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ልጄ።»

«ወዓለይኩም ሰላም» አለ መላኩ፣ ልክ ወንዳወቅ እንዳስጠናው። «አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ዘርዎን ያብዛው፤ ከክፉ ሁሉ ይሰውርዎ!»

ዜማው አልተዛነፈም። ቃሉም የሀብሩ ነበር።

የሼሁ መዳፎች ለአሚን ተከፍተው መሃል ላይ ቀሩ።

በርበሬ ሻጯ በሳቅ ፈነዳች። «ኧረ ጉድ! ጺምህን የት ጥለኸው ነው፣ የኔ ሼህ?»

«ምንድነው የሚያስቅሽ?» አለ አንዱ ታጣቂ።

«ሽማግሌውን መረቃቸው እኮ! እዚህ አገር ትልቅ ይመርቃል፣ ትንሽ አሚን ይላል። ይሄን የማያውቅ ልጅ...»

ሳቋ ደረቀ። ምን እንደተናገረች ገባት።

ጠመንጃው ወደ መላኩ ዞረ።

«ልጁ ተሳስቶ ነው፤ ተዉት!» ሼሁ መሃል ገቡ። ገፈተሯቸው።

«እህቴ፣ ታውቂኝ የለ?» አለ መላኩ ወደ ሩቂያ ዞሮ።

«እኔ? የት አውቄህ!»

ፊቷ ላይ ድንጋጤ የለም። ይህን ስትጠብቅ የቆየች ትመስላለች። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ሲጎርፍ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ወጣች።

ያኔ ገባው።

አንድ ቃል ይበቃው ነበር። «ሴትዮዋን ያዟት» ማለት።

ዋጠው።

ታጣቂዎቹ መርሳን ለቀው እስኪወጡ ድረስ አስረው ደበደቡት። ቃል አላወጣም። ከእስር እንደተፈታ ወንዳወቅን ወልድያ አገኘው።

«ካርዷ ደርሳለች» አለ ወንዳወቅ። «ሩቂያን መከታተል ጀምረው ነበር። ዓይናቸውን የሚስብ ሰው አስፈለገኝ፤ ምርቃቱን ገልብጬ ያስጠናሁህ ለዚያ ነው።»

«ብትነግረኝ እሄድልህ ነበር።»

«ብነግርህ ፊትህ ያጋልጥህ ነበር።»

እጁን ዘረጋለት። መላኩ ጥሎት ወጣ።

መናኸሪያው በሰው ተጨናንቋል። «ወዴት ነህ፣ ወንድሜ?» አለው ረዳቱ።

ለመመለስ አፉን ከፈተ። የማን አነጋገር እንደሚወጣው አላመነውም።

በጣቱ ወደ ደሴ መንገድ አመለከተ።

ረዳቱ ዲዳ መሰለው። አዘነለት፤ የኋላውን ወንበርም በእጁ አሳየው።