ከኋላ የተቀመጠው መምህር

ዶክተር ቀጄላ ማክሰኞ ጠዋት በሕክምና ኮሌጁ ትልቅ አዳራሽ፣ ከደረጃው ግርጌ፣ ጭንቅላቱ ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። ሥራው ከመጨረሻው ረድፍ ተቀምጦ ባልደረቦቹ ሲያስተምሩ መከታተልና ምን ቢያሻሽሉ እንደሚበጅ መንገር ነበር።

ኢንስፔክተር ሌንሳ ስትደርስ የአዳራሹ ጠባቂ ጋሽ ሞልቱ በሩ ላይ ቆመዋል።

«አይገቡም?»

«ያ የኋላ ወንበሩ ባዶ አይመስለኝም፣ ልጄ። አሁንም ሰው ተቀምጦ የሚጽፍበት ይመስለኛል።»

ከሬሳው ሥር የአስተያየት ቅጽ ሁለተኛ ገጽ ተገኘ። የመጀመሪያው ተገንጥሎ ተወስዷል።

«ቅጹን ማን ያየዋል?» ስትል ወጣቷን መምህርት ዶክተር ዝማሬን ጠየቀቻት።

«ከባለጉዳዩ መምህር በቀር ማንም አያየውም። ተማሪው ሲወጣ ቀጄላ ራሱ ፊት ለፊት ያነብልናል። እኔን አስለቅሶኛል፤ ማስተማር የቻልኩት ግን ከዚያ በኋላ ነው።»

ሰኞ ከሰዓት በአዳራሹ ያስተማሩት አንጋፋው ዶክተር ደምሰው ነበሩ።

«ከተማሪዎቹ ጋር ወጣሁ፤ ከእርሱ ጋር ቃል አልተለዋወጥንም» አሉ።

«ቅር ብሎዎት ነበር?»

«እኔው ያስተማርኩት ልጅ! ሠላሳ ዓመት ለቆመ ሰው ‹የሚያስተምሩት ሰሌዳውን ነው› ይባላል?»

ሌንሳ ቃሉን ጻፈች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ደምሰው ዓይናቸውን ከመጨረሻው ረድፍ መንቀል አቃታቸው።

«ቀጄላ የሞተው ሰኞ ከሰዓት ነው» አለች። «ጋሽ ሞልቱ መካኒሳ አቦ ለቅሶ ላይ ነበሩ፤ ዶክተር ዝማሬ ሆስፒታል ተረኛ ነበረች። አዳልጦት ወድቆ ቢሆን ወረቀቱ አይጠፋም ነበር። የወሰደው ሰው ሁለተኛውን ገጽ አላየም። ቀጄላ ደግሞ እስክሪብቶውን ጫን አድርጎ ነው የሚጽፈው።» ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለችው። «የጠፋው ገጽ ጽሑፍ እዚህ ላይ ታትሞ ቀርቷል፦ ‹የሚያስተምሩት ሰሌዳውን ነው።› ዶክተር ደምሰው፣ ይህን ቃል ጠዋት ከእርስዎ ነው የሰማሁት። ቃል ካልተለዋወጣችሁ ከየት አገኙት?»

ደምሰው አጠገባቸው ካለው ወንበር ተቀመጡ።

«ወረቀቱን ስቀማው ገፋሁት… እንዲሞት አልፈለግኩም። ከትናንት ጀምሮ ያንን ዓረፍተ ነገር ጆሮዬ ላይ ያነብብኛል።»

ሌንሳ ሁለተኛውን ገጽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበች፦ «ስለ መጀመሪያ በሽተኛቸው ሞት ሲያወሩ ግን ወደ እኛ ዞሩ። ማንም አልተነፈሰም። እንዲህ ቢቀጥሉ የሚስተካከላቸው መምህር የለም። እኔም ሐኪም የሆንኩት በእርሳቸው ነው።»

አዛውንቱ እጃቸውን ወደ ወረቀቱ ዘረጉ።

«ይህን… መቼ ሊያነብልኝ ነበር?»

«ቀጥሎ» አለች ሌንሳ።