የእቴቴ ስልክ ያለ ባትሪ የጠራበት ዓርብ

እኔ የመንፈስና የጥላ ወሬ ሲጀመር ሰበብ ፈልጌ ከቤት የምወጣ ሰው ነኝ፣ ፈርቼ እንዳይመስላችሁ፣ ስለማላምን ነው፣ እገሌ ከሞተ በኋላ ታየ፣ የእገሊት በር ተንኳኳ ሲባል በልቤ «ድመት ይሆናላ» እልና ዝም እላለሁ፣ ዝም ማለት ደግሞ ከድሮም አያቅተኝም፣ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ከወጣሁ ወዲህ ብዙ ሰው ባለበት አፌን ከፍቼ አላውቅም። ይሄንንም የምጽፈው በአፌ መናገሩ ስላቃተኝ ነው፣ እንደ ጓደኛ ስሙኝና ከዚያ በኋላ እንደፈለጋችሁ ፍረዱ።

የምሠራው ፒያሳ፣ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው፣ የስልክ ሽፋን፣ ቻርጀርና ባትሪ እንሸጣለን፣ ቤቱ መብራት የጠፋበት ሰው ስልኩን ካመጣም ቻርጅ እናደርግለታለን። ባለቤቱ ጋሽ ይመር የወሎ ሰው ናቸው፣ ለሁሉ ነገር ሕግ አላቸው፣ ስልክ በጨርቅ ተሸፍኖ ቻርጅ አይደረግም፣ ሱቁ ሲዘጋ አንድም ሽቦ ተሰክቶ አያድርም፣ ያበጠ ባትሪ ከመጣ ማንም ሳይጫነውና ሳይበሳው ባንኮኒው ሥር ያለው አሸዋ የሞላ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ይገባል። «ልጄ፣ ባትሪ እንደ ሆድ ነው» ይሉኛል፣ «እስከ ጉሮሮው አትሙዪው፣ ጭልጥ አድርገሽም አታስርቢው። ጥቂት ሲቀረው ከማዕድ የሚነሳ ነው ዕድሜ የሚያገኘው።» እኔም ለደንበኛ ይህንኑ እላለሁ፣ ማለቴ ቀስ ብዬ፣ ሁለቴ «እ?» ከተባልኩ በኋላ።

ለሰው የምመክረውን ግን በራሴ ቤት አልሠራሁበትም።

እቴቴ የምላት ታላቅ እህቴን አስካለን ነው፣ አፍንጮ በር በተከራየናት አንድ ክፍል ውስጥ ልብስ እየሰፋች ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ ከሦስት ዓመት በፊት በጥር ወር ታማ ሞተችብኝ። ከመሞቷ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ በስልኳ ድምፅዋን ቀድታ አስቀምጣልኛለች፣ አራት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ነው። «ፅጌዬ» ብላ ትጀምራለች፣ «ፊት ለፊት ከነገርኩሽ ታለቅሻለሽ፣ እኔም ሥራ እፈታለሁ፣ ስለዚህ ለዚህ ዕቃ ልንገረው።» ከዚያ ሽሮው በየትኛው ባልዲ እንዳለ፣ የስፌት መኪናዋን በርካሽ እንዳልሰጥ፣ ክረምት ሲገባ ካልሲ እንዳደርግ ትነግረኛለች። ሁለት ደቂቃ ያህል ሰማሁና አቆምኩት፣ እመኑኝ፣ ከዚያ በኋላ ስንትና ስንት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀምሬ ሰምቼዋለሁ፣ ሁልጊዜ ግን ካልሲው ላይ ስደርስ አቆመዋለሁ። ቀሪውን ከሰማሁት እቴቴ ለእኔ የምትለው ያልቃላ። ሳልሰማው እስከቆየሁ ድረስ ገና የምትነግረኝ ነገር አላት ማለት ነው።

ስልኩ አንዴ ከጠፋ ዳግም አይበራ ይሆናል ብዬ ስለምፈራ ሌት ተቀን ከቻርጀር አልነቅለውም ነበር፣ ድምፅዋን ወደ እኔ ስልክ ማሳለፍ ደግሞ ከእጇ መንጠቅ ይመስለኝ ነበር፣ ሞልቶ ሳለ ትራሴ ሥር፣ በእቴቴ ሻሽ ተጠቅልሎ ያድራል፣ ሲግል ደስ ይለኝ ነበር፣ እጇን የያዝኩ ይመስለኛል። ባለፈው ሐምሌ አንድ ጠዋት ሳየው የጀርባው ክዳን ተነስቷል፣ ባትሪው እንደ ዳቦ ተነፍቷል፣ ስልኩም ጠፍቶ ቀረ። ማንም አላበላሸውም፣ እኔው ነኝ፣ አቅፌ አቅፌ።

ሱቅ ወስጄ ለጋሽ ይመር ሰጠኋቸው።

«የማን ነው?» አሉኝ።

«የአንዲት ደንበኛ ነው» አልኩ፣ የእህቴ ድምፅ አለበት ካልኩ እንባዬ ይቀድመኛል፣ ሰው ፊት ከማልቀስ ደግሞ መዋሸት ይቀለኛል።

እሳቸውም ባትሪውን በቀስታ አውጥተው አሸዋው ውስጥ ከተቱት። «ይሄ አብቅቶለታል። ስልኩ ግን ደህና ነው፣ የዚህ ዓይነት ባትሪ ከገበያ ጠፋ እንጂ። ሳገኝ አመጣለሁ፣ ደንበኛሽ አትቸኩልም አይደል?»

«አትቸኩልም» አልኩ።

ወይዘሮ አለሚቱ የሚባሉ የድሮ የአራዳ ሰው አሉ፣ ቤታቸው ፈርሶ ከተማው ዳር ከገቡ በኋላም ፓወር ባንካቸውን ቻርጅ ለማስደረግ ሁለት ታክሲ ይዘው እኛ ጋ ይመጣሉ፣ እዚያ መብራት የለም እንዴ ሲባሉ «መብራትማ ሞልቷል፣ ሰው ነው የጠፋው» ይላሉ። አንድ ቀን ስልኩን ባዶውን ይዤ ስተክዝ አዩኝና «ምን ሆነ?» አሉኝ፣ ባትሪው ሞተ አልኳቸው። «ሞተ ብለሽ ተውሽው? እኛ የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ነበር የምናሰጣው፣ እንደ በርበሬ። ማታ ላይ ዜናውን አንድ ሳያስቀር ያሰማናል።» ጋሽ ይመር ሰምተው ቢሆን ኖሮ ሱቁን ያሳጥኑት ነበር፣ ግን አልሰሙም። እኔም ይህ ሥራዬ ነው፣ የሬዲዮ ድንጋይና የስልክ ባትሪ አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ፣ ከሁለቱ ፀሐይ የማይስማማው የትኛው እንደሆነም አውቃለሁ። ናፍቆት ግን የሚያውቁትን ያስረሳል።

ነሐሴ ውስጥ ነው፣ ዓርብ፣ ጠዋት ለወጉ ያህል ፀሐይ ወጥታ ነበር። ጋሽ ይመር ሳይገቡ ባትሪውን ከአሸዋው አወጣሁና ከሱቁ ጀርባ ያለው ቆርቆሮ ላይ አሰጣሁት። ስድስት ሰዓት አልፎ እሳቸው ለጁምዓ ሲወጡ ሄጄ አመጣሁት፣ ግሏል፣ እብጠቱም ብሶበታል። በሁለት ጥርሱ ባትሪውን ነክሶ የሚይዝ አሮጌ ቻርጀር ነበረን፣ አስነከስኩትና ግድግዳው ላይ ሰካሁት። በሐሳቤ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው፣ ስልኩ ይበራል፣ ድምፅዋን ወደ እኔ ስልክ አሳልፋለሁ፣ ማንም ሳያይ ባትሪው ወደ ጣሳው ይመለሳል።

ልክ ስሰካው መብራት ጠፋ። ወዲያው ዝናቡ ወረደ፣ ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ የሚራገፍ ይመስል ነበር፣ ሱቁ በቀትር ጨለመ። መንቀል ነበረብኝ፣ አልነቀልኩም፣ አሁን ይመጣል አሁን ይመጣል እያልኩ ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ቁጭ አልኩ፣ የእቴቴ ስልክ ከፊቴ በደረቱ ተኝቷል፣ ጀርባው ክፍት ነው፣ የባትሪው ጉድጓድ ባዶ ነው፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ሲም ካርዱም ከሞተች ወዲህ ተዘግቷል።

መጀመሪያ ከቻርጀሩ በኩል «ጢቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቆይቶ ደግሞ «ጢቅ»። ከዚያ የጥፍር ቀለም የመሰለ ጣፋጭ ሽታ መጣ፣ ከመንገድ ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ የባንኮኒው መስታወት መንዘር ጀመረ፣ በክርኔ ነው የተሰማኝ፣ ወደ ታች ሳይ ስልኩ እየተንቀጠቀጠ በትንሽ በትንሹ ወደ እኔ ይሳባል፣ በጠርዙ በኩል ብርሃን ይወጣል።

ጠራ። የእቴቴ የድሮ መጥሪያ ነው።

አልነካሁትም። ጠርቶ ጠርቶ ቆመ፣ እንደገና ጀመረ። ወይዘሮ አለሚቱ በዚህ መሐል ከዝናብ ሸሽተው ላስቲክ ራሳቸው ላይ ደፍተው ገቡ። «አንቺ ልጅ፣ ስልክሽ እኮ እየጮኸ ነው! አንሺው እንጂ፣ ባል ሊሆን ይችላል፣ በዚህ ዝናብ ሌላ ማን ይደውላል?»

እሳቸው ባይሰሙ ኖሮ ጆሮዬ ነው እል ነበር። አነሳሁትና ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። መጀመሪያ የጎረቤታችን ዶሮ ሲጮኽ ሰማሁ፣ የአፍንጮ በሩ፣ ከታረደ ስንት ዘመኑ። ከዚያ የሰው ትንፋሽ።

«ሄሎ? ማን ልበል? ፅጌዬ፣ አንቺ ነሽ?»

እቴቴ ናት።

«ምነው ዝም አልሽ? ዝናብ ነው እንዴ እዚያ? ቆርቆሮው ይሰማኛል።» በአፍንጫዋ ሳበችና «ምንድነው እሱ የሚሸተው፣ ጥፍር ቀለም ነው? ኧረ ውጪ በይ፣ ደጅ ውጪ።»

እቴቴ ስታዘኝ እንቢ ብዬ አላውቅም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግኩ ወጣሁ፣ የወይዘሮ አለሚቱን ክንድ ይዤ ስጎትታቸው «ወዴት ነው? በስብሼ መግባቴ ነው እኮ!» ይላሉ። እግራችን መንገዱን ሲረግጥ መብራት መጣ፣ ከጀርባችን እንደ እባብ ያለ ፉጨት ተሰማ፣ ቀጥሎ ነጭ ጢስ፣ ቀጥሎ እሳት፣ እኔ ተደግፌበት ከነበረው ቦታ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም።

ጋሽ ይመር ከመስጊድ ሲመለሱ ከሩቅ አይተው ሮጡ፣ ቆጣሪውን አጠፉ፣ አፍና አፍንጫቸውን በሻርፓቸው ይዘው የጣሳውን አሸዋ እላዩ ላይ ደፉበት፣ ከጎረቤት ተጨማሪ አሸዋ መጣ፣ ጢሱ እስኪወጣ ሁላችንም ዝናብ ውስጥ ቆምን። አልጮኹብኝም።

«ያ የደንበኛሽ ባትሪ ነው?»

«አዎ።»

«ደንበኛሽ ማናት?»

«እኔ ነኝ» አልኩና ነገርኳቸው፣ ሰው ፊት፣ መንገድ ላይ፣ እያለቀስኩ። ስልኩ እጄ ላይ ነው፣ ጠፍቷል፣ ጉድጓዱ ውስጥ የዝናብ ጠብታ አለ። ወይዘሮ አለሚቱም ባዶውን አይተዋል፣ በሌላ ቀን ስጠይቃቸው ግን «ከመንገድ የሌላ ሰው ስልክ ይሆናላ» አሉኝ፣ ዓይኔን ሳያዩ።

ጋሽ ይመር ሌላ ባትሪ እስኪያገኙ መርካቶን አንድ ወር አገላበጡ፣ አምጥተው ራሳቸው አጠገቡ ተቀምጠው ቻርጅ አደረጉት፣ ሰማንያ በመቶ ላይ ነቀሉት። ስልኩ በራ። «አሁን እስከ መጨረሻው ስሚው ልጄ» አሉኝ፣ «ቁጠባውን አይተነዋል።»

ሰማሁት። ካልሲውን አለፍኩ። ስለ ቤት ኪራይ ትናገራለች፣ ስለ ወንድ ልጅ ትቀልዳለች፣ ከዚያ፣ ሦስት ደቂቃ አካባቢ ላይ፣ ዶሮው ይጮኻል፣ ቀጥሎ ቅጂው ውስጥ ስልክ ይጠራል። «ቆይ ፅጌዬ፣ ላንሳው» ትላለች። «ሄሎ? ማን ልበል? ፅጌዬ፣ አንቺ ነሽ? ምነው ዝም አልሽ? ዝናብ ነው እንዴ እዚያ?» ያን ዓርብ የሰማሁት ነው፣ ቃል በቃል፣ ሽታውም፣ ደጅ ውጪውም። ከሦስት ዓመት በፊት የተቀዳ፣ በጥር፣ ጠብታ በሌለበት ወር። እቴቴ ሌላ ስልክ አልነበራትም፣ የምትቀዳውም በዚያው ነው። ጋሽ ይመር ሁለቴ ሰሙትና «ስልክ ሲደወል መቅጃው ይቆማል፣ እንዲህ አይቀዳም» ብለው መነጽራቸውን አወለቁ።

መጨረሻው ላይ እንዲህ ትላለች፣ ለራሷ ይመስላል። «ዘጋችው። ድሮም ስልክ ታፍራለች። ግድ የለም፣ ደግማ ትደውላለች።»

እኔ እኮ አልደወልኩም። ወደ እኔ ነው የተደወለው። እሷ ጋም ጠርቷል፣ እኔ ጋም ጠርቷል፣ ማን ደወለ?

ድምፅዋን ወደ እኔ ስልክ አሳልፌዋለሁ፣ የሷን ስልክ ግን አጥፍቼ አላስቀመጥኩትም፣ ከአልጋ ርቆ ሸክላ ሳህን ላይ ይቀመጣል፣ አርባ ሲደርስ እሰካዋለሁ፣ ሰማንያ ሲደርስ እነቅለዋለሁ፣ ሲሞላም ሲያልቅም አጠገቡ ነኝ። ቁጥሯን በቃሌ አውቀዋለሁ። አንዳንድ ቀን ከሥራ ስገባ በራሴ ስልክ ቁጥሩን እጽፈውና የመጨረሻዋ አኃዝ ላይ እቆማለሁ። እንዳታነሳ የምፈራ ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም፣ ካነሳች ምን ብዬ እንደምጀምር ነው ያላወቅኩት።