ትንሽ ናት፤ ግን ሙሉ ቤት ናት

ትርሲት ተቆጥታለች። ጉንጮቿ እንደ ፊኛ ተነፍተዋል።

የተቆጣችው ስለ መኪናቸው ነው። መኪናቸው ሰማያዊ ናት። ትንሽ ናት። ውስጧ ግን ቤት ነው።

የትርሲት አባት አናጺ ነው። መኪናዋ ውስጥ የሚታጠፍ አልጋ ሠራ፤ የሚዘረጋ ጠረጴዛም ሠራ። ትርሲት ምስማሮቹን አንድ በአንድ አቀበለችው። እናቷ ደግሞ ቢጫ መጋረጃ ሰፋች።

ጠዋት ጠዋት ትንሿ መኪና ትርሲትን ትምህርት ቤት ታደርሳለች። ከዚያ የአባቷን እንጨት ታመላልሳለች። በዕረፍት ቀን ደግሞ ቤት ሆና ሩቅ አገር ትሄዳለች።

ዛሬ የአባቷ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ ደምሰው መጡ። እሳቸውም ቤት ያለው መኪና ገዝተዋል። እንደ አውቶቡስ የረዘመ ነው።

ልጃቸው ኪሩቤል ሰማያዊዋን መኪና በጫማው ነካ አደረጋት።

«ይቺ እኮ ቆርቆሮ ናት» አለ።

ትርሲት እግሯን መሬት ላይ መታች። ጧ!

«ትንሽ ናት፤ ግን ሙሉ ቤት ናት» አለች።

ዛሬ ሁሉም የሚሄዱት ወደ አያታቸው፣ ወደ አባባ ሽፈራው ነው። አባባ ሽፈራው ሐይቅ አጠገብ ባለ መንደር ይኖራሉ።

ድሮ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። አሁን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ብዙ መራመድ አይችሉም። ሐይቁን ካዩ ሁለት ክረምት አለፈ።

«አባባን ሐይቁ ድረስ የምወስዳቸው እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ ደምሰው። «በዚህች ቆርቆሮማ አይሄዱም።»

ትርሲት አባቷን ቀና ብላ አየችው። አባቷ ታላቅ ወንድሙን አክብሮ ዝም አለ።

ይሄኔ ትርሲት የባሰ ተናደደች። ጧ!

«ትንሽ ናት፤ ግን ሙሉ ቤት ናት!»

ትልቁ መኪና ፊት ፊት ሄደ። ግርርርር!

ትንሿ መኪና ከኋላ ተከተለች። ዱር ዱር ዱር!

ምሳ ሰዓት ላይ ከተማ ደረሱ። ትልቁ መኪና መቆሚያ አጥቶ ሦስት ጊዜ ዞረ። ትንሿ መኪና በአንድ ባጃጅና በአንድ ዛፍ መካከል ጥግ ይዛ ቆመች።

እናቷ በትንሿ ምድጃ ፓስታ ቀቀለች። ትርሲት ጠረጴዛውን ዘረጋች።

ኪሩቤል መጥቶ በመስኮት አየ። «የእኛ ቴሌቪዥን አለው» አለ።

«ቴሌቪዥን ይበላል እንዴ?» አለች ትርሲት። ፓስታውን ግን አካፈለችው። እየተናደደች ነው ያካፈለችው።

ከሰዓት በኋላ የአባባ መንደር ደረሱ። ወደ ቤታቸው የሚያስገባው መንገድ ጠባብ ነው። በግራ የቅንጭብ አጥር፣ በቀኝም የቅንጭብ አጥር አለ።

ትልቁ መኪና ገባ። ክርርርር! ግራ ጎኑ ተፋቀ። ክርርርር! ቀኝ ጎኑም ተፋቀ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ወደኋላ! ወደኋላ!» አሉ የመንደሩ ልጆች። ትልቁ መኪና እየተንፏቀቀ ወደ አስፋልቱ ተመለሰ።

ጋሼ ደምሰው ላባቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ አባባን ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ ተሸክመን እዚህ እናምጣቸው» አሉ።

ትርሲት ጆሮዋን አላመነችም።

«አባባ ዕቃ ናቸው እንዴ?» አለች። «ጉልበታቸውን እያመማቸው ለምን በወንበር ይንጠለጠላሉ? የእኛ መኪና በራቸው ድረስ ትሄዳለች። ትንሽ ናት፤ ግን ሙሉ ቤት ናት!»

ጋሼ ደምሰው ዞረው ጠባቡን መንገድ አዩት።

አሁን አባቷ ተናገረ። «ጋሼ፣ ልጅቷ እውነቷን ነው» አለ። የመኪናዋንም ቁልፍ ከኪሱ አወጣ።

ዱር ዱር ዱር! ትንሿ መኪና በሁለቱ አጥሮች መካከል አለፈች። አንዲት የቅንጭብ ቅርንጫፍ እንኳን አልነካችም።

አባባ ሽፈራው ባርኔጣቸውን አድርገው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቁ ነበር።

አባቷ ደግፎ አስገባቸው። አልጋው ላይ እግራቸውን ዘረጉ። እናቷ ከጉልበታቸው ሥር ትራስ አደረገችላቸው።

«ተመቸኝ» አሉ አባባ።

ወደ ሐይቁ የሚወስደው መንገድ ከበፊቱም የጠበበ ነው። ትንሿ መኪና በቀኝ ታጠፈች፣ በግራ ታጠፈች። በረጃጅሙ ሣር መካከል ሾልካ ውሃው ዳር ቆመች።

አባቷ የኋላውን በር ከፈተው። ሐይቁ ፊት ለፊት ታየ።

አባባ ሽፈራው ባርኔጣቸውን አወለቁ። አየሩን በረጅሙ ሳቡ።

ከዚያ «ውሃው ሸተተኝ» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ጋሼ ደምሰውና ኪሩቤል በእግራቸው መጡ። የኪሩቤል ጫማ ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

«እኔም ልግባ?» አለ ኪሩቤል።

ትርሲት በሩ ላይ ቆመች። «መጀመሪያ ይቅርታ በል።»

«ይቅርታ።»

«ለእኔ አይደለም። ለእሷ ነው።»

ኪሩቤል ሰማያዊዋን መኪና በእጁ ዳሰሳት። «ይቅርታ፣ ቆርቆሮ ስላልኩሽ» አላት።

ትርሲት ወደ ጋሼ ደምሰው ዞረች። «እርስዎም ብለዋታል» አለች።

ጋሼ ደምሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጎንበስ አሉና «አጥፍቻለሁ» አሏት ለመኪናዋ።

አባባ ሽፈራው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

ትርሲትም ከበሩ ገለል አለች። አምስቱ በጠረጴዛው ዙሪያ ተጠጋግተው ሻይ ጠጡ። አባባ አልጋው ላይ ሆነው ጠጡ።

ፀሐይ ማዘቅዘቅ ጀመረች። «በሉ አባባ፣ ወደ ቤት እንመለስ» አሉ ጋሼ ደምሰው።

«እኔ የትም አልሄድም» አሉ አባባ። «ዛሬ የማድረው እዚሁ ነው። በሩን አትዝጉት።»

ትርሲት አጠገባቸው ጋደም አለች። ውሃው ከድንጋዩ ጋር ቀስ እያለ ያወራል። ጭልፕ፣ ጭልፕ፣ ጭልፕ።

አባባ እጇን እንደያዙ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ትርሲትም እንዳይነቁባት ብላ እጇን አላንቀሳቀሰችም።