የማይበስሉት ዘጠኝ አቮካዶዎች

የልጄ ክንድ ላይ የነበረው ጠባሳ መጥፋቱን ያየሁት በስድስተኛው ቀን ነው።

በአራተኛው ቀን አይቼው ቢሆን ኖሮ...

ተዉት። አሁን ምን ያደርጋል።

ይሄ ከሰው የሰማሁት ወሬ አይደለም። በዓይኔ ያየሁት፣ በእጄ የሠራሁት ነው። "ሴትዮዋ ጨንቋት ቀባጠረች" የሚለኝ ይኖራል፣ ይበለኝ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ። ያየሁትንና የፈራሁትን ለይቼ አውቃለሁ። ልጅሽ አሁን የት ናት ብላችሁ ግን በኮሜንት አትጠይቁኝ።

ግንቦት 2006 ዓ.ም. ነው። ወላይታ ሶዶ። ጠባሳው መጥፋቱን ያየሁት ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው።

ፀደንያ አንድ ልጄ ናት። ያኔ ሃያ አምስት ዓመቷ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ የፍራፍሬ ጥናት ጣቢያ ትሠራለች። የምትኖረው እትዬ አስካለች ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት የኪራይ ክፍል ነው።

እኔ እዚያው ወላይታ ውስጥ የሻንቶ ሰው ነኝ። ደግሞም ክፉው ነገር ቀድሞ የሚታየኝ ሴት ነኝ። ስልክ ሲጠራ መርዶ ይመስለኛል። ሚኒባስ ውስጥ በሩ አጠገብ የምቀመጠው ሲገለበጥ ቶሎ ለመውጣት ነው። ፀዲ "እማ፣ አንቺ እኮ ሰው ሳይታመም የምትቀብሪ ነሽ" እያለች ትስቅብኛለች።

ይሄኛው ግን አልታየኝም።

የሄድኩባት በስልክ ድምጿ ቀጥኖብኝ ነው።

"ምን በላሽ?"

"ሻይ በዳቦ።"

"ትናንትስ?"

"እማ... ሻይ በዳቦ።"

በማግስቱ፣ ሰኞ፣ ግማሽ ጆንያ አቮካዶ፣ በደረቅ የእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቦዬ የሚባል ሥራሥርና አንድ ጠርሙስ የሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ ይዤ ተሳፈርኩ። መንገድ ላይ ሰው ሻንጣውን ጆንያዬ ላይ ጫነበትና ሶዶ ስደርስ አብዛኛው አቮካዶ ጠቁሮ ነበር።

ፀዲ ከስታለች። የአንገቷ አጥንት ይቆጠራል።

ጆንያውን አልጋ ሥር ልከት ጎንበስ ስል አንድ ካርቶን አየሁ። ውስጡ ዘጠኝ አቮካዶ ተደርድሯል። ትልልቅ፣ አረንጓዴ፣ ነጥብ እንኳ የሌለባቸው። ቆዳቸው ላይ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ቁጥር በሚስማር ተጭሯል።

"እማ፣ እነሱን እንዳትነኪ።"

"ምን አላቸው?"

"አይበስሉም።"

ሳቅኩባት። "የማይበስል አቮካዶ ሻንቶ ላይ ተወልዶ አያውቅም!"

"ሥራዬ ነው፣ እማ። ጣቢያው መብራት እየጠፋ ስላስቸገረን ነው ቤት ያመጣኋቸው። በየጠዋቱ እያየሁ እመዘግባለሁ።"

ያን ዕለት ማታ እራት ላይ አስረዳችኝ።

"ሴል ታውቂያለሽ አይደል?"

"ባዮሎጂ ተምሬያለሁ፣ አትናቂኝ።"

"እሺ። እያንዳንዷ ሴል ውስጥ ፅዳት አለ። ሴሏ ያረጀባትን ነገር ትሰባብርና ከስብርባሪው አዲስ ትሠራለች። ምንም አትጥልም።"

"እኔ ከአሮጌ ቀሚሴ ለአንቺ የምሰፋልሽ ዓይነት?"

"ልክ እንደሱ!" ሳቀች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "የአባዬ ዓይነት በሽታ ያ ፅዳት ሲደክም ይመጣል ብለው የሚያስቡ ተመራማሪዎች አሉ። ቆሻሻው አንጎል ውስጥ ይከማቻል። ፍራፍሬም የሚበስለውና የሚበሰብሰው ይሄው ፅዳት ሲደክም ይመስለናል። ፍራፍሬውን ከተረዳን... ሰውም ጋ እንደርስ ይሆናል።"

ባለቤቴ ወልደመስቀል አስተማሪ ነበር። መጀመሪያ ጠመኔ የያዘ እጁ ተንቀጠቀጠ። መጨረሻ ላይ ፀዲን በእህቱ ስም ይጠራት ነበር። ከሞተ ያኔ አራት ዓመት ሆኖት ነበር።

ፀዲ ቁርጥ እሱን ናት። ስኒ ባነሳች ቁጥር እጇን አያለሁ። እንደማይም ታውቃለች። ሁለታችንም አናወራውም።

"እነዚህ ዘጠኙስ?" አልኳት።

"የእነሱ ፅዳት አይቆምም። ለምን እንደሆነ ገና አላወቅንም።"

በማግስቱ ሥራ ሄደች። እኔ ብቻዬን ቀረሁ።

ልጄ አጥንቷ እየተቆጠረ ዘጠኝ የሚያምር አቮካዶ ለደብተር ይቀመጣል? እኛ አገር ምግብ ይበላል እንጂ ይጠናል እንዴ?

ከራሴ አቮካዶ ደህና ደህናውን ዘጠኝ መረጥኩ። ሚስማር ፈለግኩ። የእሷን ቁጥር አጻጻፍ እያየሁ አንድ በአንድ ጫርኩባቸው። ሰባት ቁጥርን መሃሏ ላይ ሰረዝ ታደርግባታለች። እሱንም አደረግኩ።

የእሷን ዘጠኙን ቦዬው በመጣበት ቅጠል ጠቅልዬ ጆንያ ውስጥ ከተትኩና ከሰል ምድጃው አጠገብ አሳደርኳቸው። ከእናቴ የተማርኩት ነው። ጥሬ ድንጋይ የሆነ አቮካዶ በእንሰት ቅጠልና በሙቀት እሺ ይላል።

ጠዋት ሁሉም ቅቤ ሆነዋል።

አንዱን ሰነጠቅኩት።

ውስጡ ፍሬ የለውም። ፍሬው የሚቀመጥበት ጎድጓዳ እንኳ የለም። ከዳር እስከ ዳር ሥጋ ብቻ።

"ጥሩ ዝርያ ነው" አልኩ ለራሴ። እንዲያውም በዛልኝ ብዬ ደስ አለኝ!

በጨውና በዳጣ አሽቼ በዳቦ አበላኋት። የጠቆረውን የራሴን እኔ በላሁ። በቀን ሦስት ሦስት... በሦስት ቀን አለቀ።

በአምስተኛው ቀን እትዬ አስካለች ግቢው መሃል ያዘችኝ።

"አንቺ የሻንቶዋ! ምንድን ነው የምታበያት? ልጅቷ እኮ መስታወት መሰለች።"

"ዳጣ ነው።"

"ለእኔም አቅምሺኝ እንጂ፣ ባሌ ሌላ ሳያይብኝ!"

ተሳሳቅን። ልቤ ሞላ። እውነትም ፊቷ ላይ አንድ ብጉር፣ አንድ ነጠብጣብ አልነበረም።

ማታ ፀዲ ካርቶኑን ስባ መሬት ተቀመጠች። አንድ በአንድ እያነሳች አገላበጠቻቸው።

"እማ... ቁጥሮቹ አሉ።"

"ታዲያ የት ይሂዱ?"

"ሁልጊዜ ጠዋት ጠፍተው ነበር የማገኛቸው። ቆዳቸው ጭረቱን ይደፍነዋል። በየቀኑ እንደገና ነበር የምጭራቸው..." ደብተሯን ገለጠች። "ሦስት ቀን አልመዘገብኩም።"

"ለምን?"

"እንጃ... ረሳሁት።"

ፀዲ ሥራዋን ረስታ አታውቅም። ያኔ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ሰሃኑን አንስቼ ለማጠብ ወጣሁ።

ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ በረንዳው ላይ ፀጉሯን ላጥባት ሳፋና ጆግ አቀረብኩ። እጅጌዋን ሰበሰበችና አጎነበሰች።

ውሃ አፈሰስኩ። አሸሁ። እንደገና አፈሰስኩ።

ከዚያ ክንዷን አየሁት።

ፀዲ በሦስት ዓመቷ የፈላ ውሃ ፈሶባታል። ያፈሰሰው የእኔ እጅ ነው። ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ የተጨማደደ ጠባሳ ነበረባት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ባየሁት ቁጥር ራሴን ስረግምበት ኖሬያለሁ።

የለም።

"ፀዲ... ጠባሳሽስ?"

"የቱ ጠባሳ?"

ፀጉሯን ገለል አድርጌ ጆሮዋን ያዝኩ። በአርባ ቀኗ ነው የተበሳችው። ቀዳዳ የለም። ምልክቱም የለም።

ወደ ቤት አስገባኋት። ግድግዳው ላይ ወዳለው የአባቷ ፎቶ አዞርኳት።

"እሱ አጠገብ ቁሚ እስቲ... አባትሽን እዪው።"

ፎቶውን በትህትና አየችው። የሰው ቤት ፎቶ እንደሚታየው።

"ደግ ሰው ይመስላል" አለች።

ባጃጅ ይዤ ወደ ጣቢያው በረርኩ። አለቃዋ ዶክተር ሚልክያስ ቢሮው ነበር።

"እናቴ፣ ምነው? ይቀመጡ።"

"ዶክተር... ስህተት ሠርቻለሁ።"

ሁሉንም ነገርኩት። ቅጠሉን፣ ሚስማሩን፣ ዳጣውን። ተነስቶ የቢሮውን በር ዘጋ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ስንቱን በላች?"

"ዘጠኙንም።"

"እርስዎስ?"

"አልቀመስኩም። ለእሷ ብዬ..."

"መሃላቸው ፍሬ ነበራቸው?"

"አልነበራቸውም።"

"ከዛፉ ስናወርዳቸው ነበራቸው። ከእነሱ ጋር የወረዱትን ከፍተን አይተናል።"

"ታዲያ የት ሄደ?"

"በሉት።"

"ማን?"

"ራሳቸው።"

ውጪ ዘበኛው ያስላል።

"አዲስ ቆዳ ለመሥራት ዕቃ ያስፈልጋል፣ እናቴ። ከውጪ ካጡ ከውስጥ ይወስዳሉ። ከቆየው ነው የሚጀምሩት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ... ቆዳቸው ንጹህ እንደሆነ መጠናቸው ያንሳል።"

"እስከ የት?"



"ያብሏት" አለ በመጨረሻ። "ሴል ራሷን የምትበላው ሲርባት ነው። ሳያቋርጡ ያብሏት። እዚህ ሐኪም ብናሳያት ጤነኛ ናት ብሎ ይመልሳታል። መኪናችን ገሱባ ከተማ ሄዷል፣ ዛሬ ማታ ይመለሳል። ነገ ንጋት ላይ አዲስ አበባ እንወስዳታለን። እስከዚያ ከአጠገቧ አይለዩ። እንዳትወጣ።"

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተመለስኩ። ዝናብ ጀምሯል።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ጫማዋ ከእግሯ ወልቆ ወድቋል። እግሯ መሬት አልነካም።

ያ አልጋ ዝቅተኛ አልጋ ነው።

ቦዬ ቀቀልኩ። ቅቤ ጨመርኩበት። ጠቅልዬ አፏ ድረስ ወሰድኩት።

"ብዪ፣ ልጄ።"

"አልራበኝም።"

"አንዲት ጉርሻ። በሞቴ።"

ከንፈሯን ገጠመች። እጄን ይዛ ቀስ አድርጋ ወደ እኔ መለሰችው። መዳፏ የሕፃን መዳፍ ይመስል ነበር። ትኩስ፣ መስመር የሌለው።

"እትዬ፣ እርስዎ ይብሉ" አለችኝ። "ደክሞዎታል።"

እርስዎ...

ልጄ አንቱ ብላኝ አታውቅም።

ልጩህ አልኩ። ለማን? እትዬ አስካለች ብትመጣ ምን ታያለች? የምታምር፣ ሰው አክባሪ ልጅ። በሩን ከፍቼ ልሩጥ አልኩ። እሷንስ ለማን ትቼ? ያበላኋት እኔ ነኝ። እዚያች ክፍል ውስጥ ከእሷ ጋር ከመሆን በቀር የምሄድበት አልነበረኝም።

"ፀዲ... እኔ ማን ነኝ?"

በደንብ አየችኝ። ልትረዳኝ የፈለገች ትመስል ነበር።

"ሰው ጠፍቶብዎት ነው?" አለች በሹክሹክታ።

እንደገና ጠቀለልኩ። እንደገና መለሰችው። ሦስቴ። አራቴ። ቦዬው ቀዘቀዘ።

እትዬ አስካለች ከውጪ "ደህና እደሩ! በሩን ዝጉ፣ ሰሞኑን ሌባ አለ!" ብላ አለፈች።

"እኔ እዘጋዋለሁ" አለች ፀዲ። "እርስዎ ይቀመጡ።"

ከአልጋው ዘላ ወረደች። በባዶ እግሯ ወደ በሩ ሄደች። ቀሚሷን ጠዋት አውልቃ ሸሚዝና ጉርድ ነበር የለበሰችው። ጉርዱን በአንድ እጇ ይዛዋለች፣ ካልያዘችው ይወርዳል።

መቀርቀሪያው በበሩ ላይኛው ጫፍ ነው። ፀዲ ከእኔ በአንድ ራስ ትረዝማለች፣ ስትዘጋው ቀና እንኳ አትልም ነበር።

አሁን አልደረሰችበትም።

በጣቶቿ ጫፍ ቆመች። ክንዷን ዘረጋች... ተንጠራራች... ሸሚዟ ከወገቧ ወደ ላይ ተሳበ።

አምፖሉ ሆዷ ላይ አበራ።

አሥራ ስምንት ሰዓት አምጬ ነው የወለድኳት። እትብቷን አዋላጇ ስትቆርጠው አይቻለሁ። ደርቆ እስኪወድቅ በየቀኑ ያጠብኩት እኔ ነኝ።

ሆዷ ላይ እምብርት የለም።

ከደረቷ ሥር እስከ ወገቧ አንድ ወጥ፣ የተወጠረ፣ የሚያብለጨልጭ ቆዳ ብቻ። ከማንም ጋር ታስራ የማታውቅ። ከማንም ያልተቆረጠች።

አንድ ጊዜ ሞከረች። ሳተችው።

እኔ ከወንበሩ አልተነሳሁም።

እንደገና ተንጠራራች... በጣቷ ጫፍ ብረቱን ገፋችው...

መቀርቀሪያው ቀጭ ብሎ ገባ።