ቢላዋው ለምን አፈር ውስጥ ተሰካ

መርማሪ ቲርጻ ኢየሩሳሌም ካለው ሰርግ አዳራሽ ስትደርስ ዘሊግ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ደረቱን ተወግቶ ተዘርሯል። የኮሸር፣ ሥጋና ወተት የማያገናኘው የአይሁድ የምግብ ሕግ፣ ተቆጣጣሪ ነበር፤ እሱ «ይበላል» ካለ ይበላል፣ «አይበላም» ካለ ድስቱ ይደፋል።

«ጨርሰነዋል እኮ!» አላት ፖሊሱ። «ጠዋት ከባለቤቱ፣ ከወጥ ሠሪውና ከሳህን አጣቢው በቀር ማንም አልገባም። ገዳዩ አጣቢው ነው፣ ዚያድ። አረብ ነው፤ ትናንትም ከሟቹ ጋር ተጨቃጭቀዋል። ቢላዋውን በረንዳው ላይ አበባ መትከያ ውስጥ ደብቆት አገኘን።»

«ወይ ጉድ! አረብነትም ማስረጃ ሆነ?»

የቢላዋው ሰማያዊ እጀታ ከአፈሩ በላይ ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ይሄ ነው መደበቅ? ጎንበስ ብላ አየች፤ አፈሩ በስንጥቅ ተበሳስቷል። ቲርጻ የረቢ ልጅ ናት፤ ሃይማኖቱን ከተወች ቆይታለች፣ የእናቷ ወጥ ቤት ግን ከልቧ አልወጣም። ስንጥቆቹን ቆጠረች፤ አስር።

የሟቹን ኪስ ፈተሸች። ከብት ሲታረድ እዚያው ቄራ ሥጋው ላይ የሚለጠፈው የኮሸር ማኅተም፣ ገና ሳይለጠፍ፣ እፍኝ ሙሉ ወጣ።

ዚያድ በካቴና ታስሮ ያለቅሳል።

«በምንድነው የተጣላችሁት?»

«የሥጋና የወተት ማንኪያ አደባለቅህ ብሎ ጮኸብኝ። ሐሰት ነው! ቀዩ ገንዳ የሥጋ፣ ሰማያዊው የወተት፤ ተኝቼም አልስተውም።»

«ሌላ ሰው ከደባለቀስ?»

«የተደባለቀውን ለወጥ ሠሪው ለጋሼ ኤልያኪም እሰጣለሁ። እሳቸው ይዘውት ይወጣሉ፤ ምን እንደሚያደርጉት አላውቅም። እመቤት፣ ልጆቼ የእኔን እጅ ነው የሚያዩት!»

ባለቤቱ አቭኔር ትከሻውን ነቀነቀ። «ወተቱም ሥጋውም ሆድ ውስጥ መገናኘቱ አይቀር! እኔ ምን አገባኝ?»

ወጥ ሠሪው ኤልያኪም ጢማቸውን ይዘው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጅዎን እዚሁ ዳሩ አሉ። እንኳን ደስ አለዎት።»

«ደስ አለዎት አትበይኝ፣ ልጄ» አሉ ፊታቸው ጠቁሮ።

ቲርጻ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«ቢላዋ የሚደብቅ ሰው አንዴ ይሰካል። ይህ አፈር ግን አስር ጊዜ ተወግቷል። በእናቴ ቤት የወተት ቢላዋ ሥጋ ከነካ እንዲህ አስር ጊዜ አፈር ውስጥ እየሰካን ነበር የምናነጻው። ገዳዩ ደሙን በጥድፊያ፣ በሙቅ ውሃ፣ በቀዩ የሥጋ ገንዳ አጠበው፤ ደሙ አሁንም ማፍሰሻው ላይ አለ። ከዚያ እጀታውን ሲያየው ሰማያዊ፣ የወተት! ሰው መግደሉ ያላስደነገጠውን ይሄ አስደነገጠው።»

«እኔ እንኳ...» ብሎ ጀመረ አቭኔር።

«አንተማ ቆሻሻ ውስጥ ትወረውረው ነበር። ዚያድ ገንዳ አይስትም፣ ማንጻቱንም አያውቅም። ሟቹ ደግሞ ኪሱ ውስጥ ያገኘሁትን ማኅተም ከየትም በመጣ ሥጋ ላይ እየለጠፈ ይሸጥ ነበር። ይህን ሲያውቅ ደሙ የሚፈላው ማነው? በዚያ ሥጋ የልጅ ልጁን የዳረ ሰው ነው። ጋሼ ኤልያኪም?»

ሽማግሌው አልካዱም። «ዘመዶቼን ሁሉ በገዛ እጄ ርኩስ አበላኋቸው! ዛሬ ጠዋት ሲለጥፍ ያዝኩት። ‹ማን ያውቃል› ብሎ ሳቀብኝ። አይብ እየቆረጥኩ ነበር፤ ቢላዋው እጄ ላይ ነበር።»

«ታዲያ ማንጻቱ ምን አስፈለገ?»

«አንድ ምስኪን ሳያውቅ አይብ ቢቆርጥበትስ? ኃጢአቱ በማን ላይ ነው?»

«ዚያድስ፣ ጋሼ? ታስሮ ሲያለቅስ እኮ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ነበር።»

ኤልያኪም ቀና ብለው ዚያድን አዩት።

«እሱን እንኳ... አላሰብኩትም።»

ፖሊሱ ካቴናውን ፈታ። ዚያድ የቀላ እጁን እያሻሸ ተነሳና ሽማግሌው ፊት ቆመ።

«ይሄን ሁሉ ዘመን አብረን ሠርተን፣ ጋሼ?» አለ።