ከደጅ የመጣ ማንኮራፋት

ሙሉሰው ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ሲተኛ ድምፅ የለውም። ድሮ የከባድ መኪና ሹፌሩ ጋደም ሲል ግድግዳው አብሮት ያንኮራፋ ነበር፤ ጎረቤቶቹም «ይህ ሰውዬ ቤቱ ገብቶም ሞተር አያጠፋም እንዴ?» እያሉ ያሾፉበት ነበር። ለሚስቱ ለትርንጎ ግን ቀልድ አልነበረም። ማንኮራፋቱ ድንገት ይቋረጥና ትንፋሹ ይቆማል፤ እሷም ብንን ብላ ደረቱን እየነቀነቀች ትመልሰዋለች። እንዲህ ስትጠብቀው ዓመታት አለፉ፤ እንቅልፍ መጥገብ ምን እንደሚመስል ረሳች። በመጨረሻ ሐኪሞቹ መንጋጋውን ቆርጠው ወደ ፊት አምጥተው በብሎን ሲያስሩት የትንፋሹ መንገድ ተከፈተ። አሁን ፊቱ አብጦ፣ የላይና የታች ጥርሶቹ በላስቲክ ተገጥመው፣ ጭጭ ብሎ ይተኛል።

እሷ ግን አላረፈችም። የታመመ ይጠየቃልና ጎረቤቱ፣ የዕድሩ ሰው፣ ሹፌር ጓደኞቹ ሁሉ ከጠዋት እስከ ማታ ይመላለሳሉ። በር በተነካ ቁጥር፣ ማን እንደሆነ ሳታይ «ግቡ» ትላለች። አፏ ለምዶታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠች ዓይኗ ሲከደን ከበሩ ውጭ አንድ ነገር ተሰማት። መጀመሪያ የአሸንዳው ውሃ መሰላት፤ ቀጥሎ ግን ወፍራም፣ እርጥብ፣ እየተጎተተ የሚወጣ የጉሮሮ ድምፅ ሆነ። እንዲህ ያለ ማንኮራፋት የምታውቀው የአንድ ሰው ብቻ ነው። ዘወር ብላ ባሏን አየችው። አፉ እንደተገጠመ ነው፤ ደረቱ በቀስታ ከፍ ዝቅ ይላል።

ድምፁ በሩ ሥር ደርሶ ቆመ። ከዚያ በሩ ተንኳኳ።

«ግቡ» አለች፣ ከድካሟ የተነሳ፣ ሳታስበው።

ማንም አልገባም። በሩ ግን ገርበብ አለ፤ የረጠበ አፈርና ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ አፍ ሽታ ቤቱን ሞላው። ማንኮራፋቱ ከወንበሮቹ መሃል ተሰማ፤ ቆየት ብሎ ከአልጋው እግር ሥር። ከዚያ ፍራሹ በእሷ በኩል ሰርጎድ አለ። ፈራች፤ ፍርሃቷ እንኳ የደከመ ነበር። «ማንም ይሁን ማን፣ ዛሬ አልቀሰቅስም» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ጋደም አለች። ድምፁ ጆሮዋ ሥር ደረሰና ጠፋ።

ሙሉሰው ባንኖ ተነሳ።

«ትርንጎ» አላት በተገጠሙት ጥርሶቹ መሃል፣ ትከሻዋን እየነቀነቀ። «ንቂ እንጂ፣ አስደነገጥሽኝ። እንዲህ ስታንኮራፊ ሰምቼሽ አላውቅም።»

እሷ ግን አልተኛችም ነበር፤ ዓይኗ ግድግዳው ላይ እንደፈጠጠ፣ ከገዛ ጉሮሮዋ የሚወጣው ድምፅ ድንገት ሲቆም ሰማችና እስኪመለስ መጠበቅ ጀመረች።